ሶዶ እየሰፋች ነው፤ በዳሞታ ግርጌ ያለው አርሶ አደርስ?

ወላይታ ሶዶ በክረምት ማለዳ ከዳሞታ ተራራ በሚወርደው ጉም ተሸፍና ታድራለች። ፀሐይ ከፍ ስትል ጉሙ ይገፈፍና ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ተራራ ከነግርማው ይታያል። ሰማዩ በጠራ ቀን ከተራራው ላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት የአባያ ሐይቅ ከሩቅ ያብረቀርቃል። እንግዶች ስለ ከተማዋ ሲጠየቁ በቅድሚያ የሚያነሱት ይህንኑ ተራራና ለኑሮ የሚስማማውን አየር ነው። ዛሬ ከተማዋ በፍጥነት እየሰፋች በመሆኑ ግን ተወዳጅ ያደረጋት ነገር በምን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ የከተማውንም የገጠሩንም ነዋሪ የሚመለከት ሆኗል።

ሶዶና አካባቢዋ ለጎብኚ የሚያሳዩት አያጡም። በዳሞታ ተዳፋት የሚገኘው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ወደ 50 ሺህ ዓመት የሚደርስ የሰው ልጅ የኑሮ አሻራ የተገኘበት ነው፤ ተመራማሪዎች ከባልጩት የተሠሩ በርካታ መሣሪያዎችን ቆፍረው አውጥተውበታል። የአጆራ መንትያ ፏፏቴና በቀድሞ ነገሥታት ዘመን ለመከላከያ የተገነባው የንጉሥ አማዶ ካብም በዞኑ ይገኛሉ። የወላይታ ድቻ እግር ኳስ ክለብ በመጋቢት 2010 ዓ.ም የግብፁን ዛማሌክ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ማሰናበቱ ደግሞ የከተማዋን ስም ከአገር ውጭ አድርሷል።

ይሁን እንጂ የሶዶ መስህብ በብዛት የሚገለጠው በማዕዱ ነው። በዳጣ የሚበላው የወላይታ ቁርጥ፣ ቆጮውና ቡላው፣ ጎደሬውና ቦይናው፣ ለጋው ቅቤ ወደ ከተማዋ የሚመጡት በዙሪያዋ ካሉ የአርሶ አደር ጓሮዎች ነው። በመስከረም የሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ወንዶች ለእርድ በሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ያወጣሉ። የበዓሉ ድምቀት የአርሶ አደሩ የዓመት ድካም ውጤት መሆኑ በዚህ ጎልቶ ይታያል።

የወላይታ አርሶ አደር መሬቱን በሁለት ከፍሎ ያያል። በቤቱ ዙሪያ ያለው “ዳርኩዋ” በፍግ የዳበረ፣ እንሰት፣ ቡና፣ ጎመንና ሥራ ሥር የሚበቅልበት የጓሮ ማሳ ነው። “ሾቃ” ደግሞ ከቤት ራቅ ያለው የእህል ማሳ ነው። ጓሮውን የሚያዳብረው የከብት ፍግ ነው፤ ከብቱን የሚያኖረው ሣርና የእንሰት ቅጠል ነው። መሬት ሲጠብ ግጦሽ ይጠባል፣ ከብት ይቀንሳል፣ ፍግ ያንሳል፣ በመጨረሻም እንሰቱ ይከሳል። ወላይታ በአገሪቱ የሕዝብ ጥግግት እጅግ ከፍተኛ ከሆነባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ የብዙ አባወራ ይዞታ አስቀድሞም ጠባብ ነው። ከእንዲህ ያለ ማሳ ላይ ለመንገድ ወይም ለሕንፃ የሚወሰድ ቁራሽ መሬት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም ለቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ሊሆን ይችላል።

የመሬት ጥያቄውን ያበረታው የከተማዋ አዲስ ድርሻ ነው። በ2015 ዓ.ም ከተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ቢሮዎችና ሠራተኞች ወደ ከተማዋ መጡ፤ የመኖሪያ ቤትና የመሥሪያ ቦታ ፍላጎትም ጨመረ። ለወጣቱ ሥራ፣ ለነጋዴው ገበያ፣ ለአርሶ አደሩም ምርቱን በቅርብ የሚገዛ ሸማች መገኘቱ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ከተማ ሲሰፋ ቀድሞ የሚደርሰው በዳር ካለው ማሳ ላይ ነው።

የተራራማ ተዳፋት ጉዳይ የውበት ብቻ አለመሆኑን ክልሉ በመራራ ሐዘን ተምሮታል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳም ተመሳሳይ አደጋ ሕይወት አጥፍቷል። የየቦታው አፈርና አቀማመጥ ቢለያይም ዕፅዋቱ የተመነጠረ ተዳፋት ለጎርፍና ለአፈር መሸርሸር የተጋለጠ መሆኑን ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ከሶዶ በስተደቡብ በአርባ ምንጭ መንገድ በሚገኘው ሁምቦ ወረዳ የተራቆተ 2728 ሄክታር ተራራማ መሬት እንደገና ደን ለብሷል። በአብዛኛው የተሠራው ሥራ ቀላል ነበር፤ አርሶ አደሮቹ ከብት እንዳይገባ ከለከሉ፣ ከተቆረጡ ጉቶዎች የሚያቆጠቁጡትን ቀንበጦች እየመረጡና እየገረዙ አሳደጉ። በ2002 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ከተመዘገበ በኋላ ደኑ ለኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ገቢ አስገኝቷል። ቁም ነገሩ ደኑን የጠበቀው ሕዝብ ከደኑ መጠቀሙ ነው። አጥር ብቻውን ደን አያቆይም፤ ጥቅም ያየ ሰው ግን ያለ ዘበኛ ይጠብቃል።

ከዚህ አንጻር የሶዶ መስፋፋት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ የከተማው ፕላን ቁልቁለቱንና የምንጭ ዙሪያዎችን ለግንባታ ዝግ አድርጎ መያዝ አለበት። ሁለተኛ፣ መሬቱን ለሕዝብ ጥቅም የሚለቅ አርሶ አደር በዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የማግኘትና መልሶ የመቋቋም መብት አለው፤ ግምቱ እንሰቱንና ቡናውን ጭምር የቆጠረ፣ ክፍያውም ጊዜውን የጠበቀ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፣ ተዳፋቱን የሚያለማ ገበሬ ከታች ባለው ከተማ ገቢ ድርሻ ቢኖረው፣ ለምሳሌ ሞቼና ቦራጎን የሚጎበኝ እንግዳ አስጎብኚውንና ምግቡን ከአካባቢው ቀበሌ ቢያገኝ፣ ጥበቃው ዘላቂ ይሆናል።

የሶዶ ነዋሪ ጠዋት የሚተነፍሰው አየርና ማታ የሚቀርብለት ማዕድ ከዳሞታና ከግርጌው የመጡ ናቸው። ከተማዋ ማደጓ አይቀርም፤ አይገባምም። የሚለየው ነገር እድገቷ ማሳውን እየበላ ይሄዳል ወይስ ለባለማሳው እያካፈለ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ የሚወሰነው ቦታ በሚመራበት ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን አርሶ አደሩም የከተማው ነዋሪም ተገኝተው በሚነጋገሩበት ስብሰባ ጭምር ነው።