ኩባንያውም ይጠየቅ

የንግድ ማኅበር ሥጋና ደም ስለሌለው ወህኒ ቤት አይገባም፤ ስለዚህም በወንጀል ሊጠየቅ የሚገባው ውሉን የፈረመው ሠራተኛ ብቻ ነው የሚሉ ነጋዴዎች ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን ትርፉ በማን ካዝና እንደ ገባ ማንም አይጠይቃቸውም።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ የተሰጠው ፍርድ ነገሩን ይገልጠዋል። ጄኔራል ኤሌክትሪክና ዌስቲንግሃውስ የሚገኙባቸው 29 የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያዎች በስውር እየተመካከሩ ዋጋ ይቈርጡ፣ የታሸገ ጨረታም በየተራ ይካፈሉ ነበር። የተሰብሳቢዎቹን ስም ዝርዝር «የገና ካርድ መዝገብ» ይሉት ነበር፤ የኃጢአት መዝገብ በበዓል ስም መጠራቱ ያሳዝናል። ሰባት ሹማምንት የ30 ቀን እስራት ተፈረደባቸው፤ ኩባንያዎቹም በገንዘብ ተቀጡ።

ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከተወዳዳሪ ጋር በዋጋ መስማማትን የሚከለክል የጽሑፍ ትእዛዝ ነበረው። ስለሆነም አለቆቹ ጥፋቱ ትእዛዙን የጣሱት ሠራተኞች ነው አሉ። ዳኛው ጋኒ ግን ዋናው ጥፋት የኩባንያዎቹና አመራራቸውን የያዙት ሰዎች መሆኑን ተናገሩ። ደግ አደረጉ። የሽያጭ ሹም ዓመቱን ሙሉ «ትርፍ አምጣ» እየተባለ ሲነዳ ከርሞ፣ በተያዘ ቀን ከመሳቢያ ወረቀት አውጥቶ «ከልክለንህ ነበር» ማለት ፍርድ አይሆንም።

ቅጣቱ ምንም የማያውቁትን ባለ አክሲዮኖች ይጐዳል የሚለው ክርክር አንዳች እውነት አለው። ቢሆንም የትርፍ ድርሻ ሲከፈላቸው ከየት መጣ ብለው አልመለሱትም። ይልቅስ የሚያሰጋው መቀጮው አንሶ እንደ ኪራይና እንደ ቀረጥ በወጪ መዝገብ የሚጻፍ የሆነ እንደ ሆነ ነው። በዚያው ፍርድ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መቀጮ 437,500 ዶላር ብቻ ነበር፤ ይበልጥ የከበደው ገዢዎች ኋላ ያቀረቡት የካሣ ክስ ነው።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 34 እንደ ደነገገው፣ ሹሙ ወይም ሠራተኛው የድርጅቱን ጥቅም በሕገ ወጥ መንገድ ለማራመድ ወንጀል ቢሠራ ድርጅቱም ይቀጣል፤ ይህም ሠራተኛውን ከራሱ ጥፋት ነጻ አያወጣውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ተወዳዳሪዎች ዋጋ ለመወሰን የሚያደርጉትን ስምምነት ከልክሏል። እነዚህን አንቀጾች ያነበቡ የሱቅና የመጋዘን ባለቤቶች ስንት ናቸው? «ለቡና» ተብሎ በተጠራ ስብሰባ የተቈረጠውን ዋጋ በማግስቱ በማኅተም አትሞ እንዲያወጣ የሚታዘዘው ጸሐፊ ነው፤ እምቢ ቢል እንጀራው ይቋረጣል፣ እሺ ቢል ስሙ በክስ መዝገብ ይገባል። የንግድ ምክር ቤቱ ሕጉን በአጭሩ አሳትሞ ለየአባሎቹ ቢልክ፣ ጸሐፊው ለጌታው የሚያሳየው ወረቀት ያገኝ ነበር።