ከጣርማ በር ወዲያ ሐኪሙ ማን ነው?

ይፋት ውስጥ ሰው ሲከሳ ጎረቤት አይተኛም። «ምነው መነመንሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ሰላምታው ሳያልቅ ይከተላል። ኤች አይ ቪ በደሴ መንገድ ዳር ያሉትን ከተሞች ባስጨነቀበት ዘመን መክሳት ብቻውን ሰውን ለሐሜት ይዳርግ ነበር፤ ያ ትዝታ ከደብረ ሲናም ከሸዋ ሮቢትም ገና አልጠፋም። ሞላ ያለ ሰው «ተመችቶታል» ይባላል። ቦርጭም ቢሆን ለቀልድ እንጂ ለስጋት አይነሳም። እንዲህ ባለ አገር፣ ለመክሳት ብሎ ገንዘብ ከፍሎ ጨጓራውን ስላስቆረጠ ሰው ሲወራ ሳቅ ቢቀድም አያስገርምም።

ሳቁ ግን ቶሎ ማብቃት አለበት።

እርግጥ ነው፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የኢትዮጵያ ቀዳሚ የጤና ችግር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። የኋለኛው ቁጥር በከተማ፣ ይልቁንም በአዲስ አበባ ይበረታል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ከዚህ ሌላ፣ ከይፋትና ከጎረቤቱ ወሎ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ኩዌትና ሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ይህ ቀዶ ጥገና በብዛት ከሚሠራባቸው አገሮች ይመደባሉ። እመቤቲቱ ከሆስፒታል ስትመለስ ሾርባ በማንኪያ ስታቀርብ የከረመች የይፋት ልጅ፣ ስለ ነገሩ ከአንዳንድ የጤና ባለሙያ የተሻለ ብታውቅ አይደንቅም። አዲስ አበባ ውስጥም አገልግሎቱን የሚሰጡ የግል ሆስፒታሎች አሉ። ከቱርክ የሚመጣው ማስታወቂያም ስልክ ያለው ሰው ሁሉ እጅ ይገባል።

የቀዶ ጥገናው ዓይነት ብዙ ነው፤ ሁለቱ ግን ይበዛሉ። «ስሊቭ» በሚባለው ሐኪሙ ሆድ ላይ በሚከፈቱ ትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ቆርጦ ያወጣል። የቀረው ጠባብ ቱቦ ይመስላል፤ የተቆረጠው ደግሞ አይመለስም። «ባይፓስ» በሚባለው ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ትለይና ከትንሹ አንጀት ጋር በቀጥታ ትገናኛለች፤ ምግብ ቀሪውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው የአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ኤድዋርድ ሜሰን ነበር። የሆድ መጥበብ ብቻም አይደለም፤ ረሃብንና ስኳርን የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖችም ይለወጣሉ። የብዙ ታካሚዎች ስኳር ክብደታቸው ገና ብዙ ሳይወርድ መስተካከል የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ «አፉን ቢዘጋ ኖሮ» የሚለው ፍርድ ከዕውቀት ማነስ የመጣ ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት በ2020 ባሳተመው ውጤት፣ ቀዶ ጥገናውን ያደረጉት ካላደረጉት መሰሎቻቸው በአማካይ 3 ዓመት ያህል አብልጠው እንደሚኖሩ አሳይቷል። ያው ጥናት ሌላም ነገር ተናግሯል፤ ማስታወቂያዎቹ ግን አይጠቅሱትም። የተቀደዱት ሰዎች ዕድሜ ከጠቅላላው ሕዝብ ዕድሜ አሁንም 5 ዓመት ተኩል ያህል ያጥራል። ጥቅሙ እውነት ነው፣ ተአምር ግን አይደለም። የእግር ኳስ ወዳጅ የሆነ ሁሉ ማራዶናን ያስታውሳል፦ እ.ኤ.አ. በ2005 ኮሎምቢያ ውስጥ ባይፓስ አሠርቶ በወራት ውስጥ ሸንቀጥ ብሎ በቴሌቪዥን ታየ፤ ዓመታት ሲያልፉ ክብደቱ ተመልሶ መጣ።

እዚህ ላይ ጥያቄው ከታካሚው ወደ ሐኪሙ ይዞራል።

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት 20 ቀዶ ሐኪሞች ባይፓስ ሲሠሩ የተቀረጸ ቪዲዮ ለሙያ ጓደኞቻቸው ዳኝነት ሰጡ። ዳኞቹ ሥራውን ያዩት የሐኪሙን ማንነት ሳያውቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ውጤት የሚያስደነግጥ ነበር፦ በእጅ ጥበብ ዝቅተኛ ነጥብ ካገኙት ሐኪሞች ታካሚዎች 14.5 በመቶው ከቀዶ ጥገናው በኋላ ችግር ሲገጥማቸው፣ ከፍተኛ ነጥብ ባገኙት ዘንድ ግን 5.2 በመቶ ብቻ ነበር። የሞት መጠኑም እንደዚሁ ይለያያል፤ 0.26 በመቶ በአንደኛው ወገን፣ 0.05 በመቶ በሌላው። ሁሉም የተመሰከረላቸው ሐኪሞች ናቸው፣ ቀዶ ጥገናውም አንድ ነው። የእኛ ታካሚ ግን ሐኪሙን «ዶክተር፣ ይህን ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ስንቱ ተመልሶ ተከፈተ?» ብሎ መጠየቅን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ሳያይ የማይከፍል ገበሬ፣ ልጁ የስምምነት ፎርም ስትፈርም ዝም ብሎ ያያል። አክብሮት ጥሩ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን ዋጋው ውድ ነው።

በታካሚና በሐኪም መካከል ያለው ነገር ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ለማየት የግብፃዊቷን የኢማን አህመድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። የእስክንድርያ ተወላጅ ናት፤ 500 ኪሎ ግራም ያህል ትመዝናለች ተብሎ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ወደ ሙምባይ ተወሰደች። ዶክተር ሙፋዘል ላክዳዋላና ቡድናቸው በመጋቢት ስሊቭ ሠሩላት። ሆስፒታሉ ክብደቷ በመቶዎች ኪሎ መቀነሱን ለዓለም አበሰረ። በሚያዝያ እህቷ በቪዲዮ ወጥታ የተባለው ሁሉ እውነት እንዳልሆነ፣ ኢማን እንዳልተሻላት ተናገረች፤ ሆስፒታሉ አስተባበለ። ግንቦት ሲገባ ታካሚዋ ወደ አቡ ዳቢ ተዛወረች፤ መስከረም ላይ እዚያው አረፈች፤ የሞቷ ምክንያት የልብና የኩላሊት ችግር መሆኑ ተገለጸ። ማን ትክክል ነበር የሚለውን ከዚህ ሆኖ መፍረድ አይቻልም። የሚታየው ግን ሚዛኑና ካሜራው አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ፣ ቤተሰብ የጠበቀው ፈውስና ሐኪሙ የቆጠረው ኪሎ አንድ ሳይሆኑ መቅረታቸው ነው።

የቱርክ ነገር ደግሞ በንግድ መልክ የሚመጣ ነው። ሆቴል፣ የአየር ማረፊያ አቀባበል፣ ቀዶ ጥገና፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ብዙ ጎበዝ ሐኪሞች አሉበት፤ ይህ መካድ የለበትም። ሆኖም ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2023 ባቀረበው ዘገባ ከ2019 ወዲህ ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ወደ ቱርክ ከሄዱ ብሪታንያውያን ሰባቱ መሞታቸውን ገልጿል። ብሪታንያ ግን ተመላሹን የሚቀበል ሆስፒታል በየከተማው አላት። እዚያ የሚያስጨንቀው ነገር፣ ወደ ይፋት የሚመለሰው ሰው ዘንድ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ይገምት።

ይህ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነው ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቀደደውን ዋሻ ተሻግሮ፣ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ወርዶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደምትሆነው ሸዋ ሮቢት ይገባል። ሐኪሙ ከኋላው ቀረ። ባለፉት ዓመታት ጦርነትና የጸጥታ ችግር ይህን መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል፤ «ነገ ለቀጠሮ እመለሳለሁ» ማለት ራሱ ዕድል የሚፈልግበት ጊዜ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥቃቅን ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የተሰፋው ቦታ ሊያፈስ ይችላል፦ ትኩሳት፣ የሆድ ሕመም፣ አንዳንዴ ግራ ትከሻ ላይ የሚሰማ ውጋት፣ ከሁሉም በላይ ያለ ምክንያት የሚፈጥን የልብ ምት። ታካሚው «ጨጓራዬን አመመኝ» ይላል። በዚህ አገር ጨጓራውን የማያመው ስለሌለ ኦሜፕራዞል ይሰጠውና ይሸኛል። ሕመሙ ከጠና ዲክሎፌናክ ይወጋል፤ ባይፓስ ላሠራ ሰው ግን ይህ የመድኃኒት ወገን አዲሱን መገጣጠሚያ ሊያቆስል የሚችል ነው። ሌላው ለሳምንታት ያስመልሰዋል። ሰውነቱ ያከማቸው ቫይታሚን ቢ1 ይሟጠጣል፤ ዓይኑ ይንቀጠቀጣል፣ እግሩ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይዘባረቃል። ጎረቤት ጠበል ይላል። ክሊኒኩ ደግሞ ለደከመ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ያደርጋል፣ ግሉኮስ ይሰቅላል። ቢ1 ሳይቀድም የተሰጠ ግሉኮስ አንጎሉን ለዘለቄታው ሊጎዳው ይችላል። በቅንነትና በትጋት የተሠራ ስሕተት ነው፤ ሠሪውን መውቀስ አይገባም፤ ማንም አልነገረውም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ጥገና በማስተርስ ደረጃ ታሠለጥናለች። ከትልልቅ ከተሞች ርቀው የብዙ እናቶችን ሕይወት ያተረፉ፣ የታጠፈ አንጀት በሌሊት የፈቱ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱ የሚያውቁት ግን በተፈጥሮ መልኩ ያለ ሆድ ነው፤ ኢስታንቡል ውስጥ መልኩ የተለወጠ ሆድ ሲመጣባቸው ካርታ ይፈልጋሉ።

ማዕዱም የራሱ ፈተና አለው። ከቀዶ ጥገናው የተመለሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥቂት ማንኪያ ከበላ በቂው ነው፤ አንድ ጉርሻ ሲጨመር ያስመልሰዋል። «በሞቴ!» በሚባልበት ሰርግና ተዝካር ላይ ግን እንቢ ማለት ቤቱን መናቅ ነው። የደብረ ሲና ቆሎ፣ መንገደኛ ሁሉ መኪና አቁሞ የሚገዛው፣ ለእሱ ለወራት ክልክል ነው። እንጀራም ጉሮሮ ሥር ሊቆምበት ይችላል። በተቃራኒው የሸዋ ሮቢት ቆላ የሚታወቅበት ማሾ፣ በደንብ ተቀቅሎ ሲላም፣ ብዙ የሥነ ምግብ ባለሙያ የሚመክረውን ፕሮቲን ይዟል። ይህን የሚነግረው ግን ማን ነው? ከውጭ ይዞት የመጣው ወረቀት ስለ እርጎና ስለ ዓሣ ነው የሚያወራው፤ ሰውየው ደግሞ ሁዳዴን 55 ቀን ይጾማል። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ከሽሮና ከምስር ብቻ፣ በዚያች ትንሽ ጨጓራ፣ ያን ማግኘት ስሌት ይጠይቃል። ሙስሊሙ ጎረቤቱ ረመዳንን በቆላው ሐሩር ሲጾም ችግሩ ሌላ ነው፦ ውኃ በአንድ ጊዜ መጠጣት ስለማይችል ቀኑን ሙሉ መጎንጨት አለበት፤ በመግሪብና በሱሑር መካከል ያለው ሰዓት ላይበቃው ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ጾሙ እንዲቆይ ይመክራሉ። ምክሩ ከንስሐ አባት ወይም ከሼኽ ጋር ካልተነጋገሩበት ግን ሰሚ አያገኝም፤ ታካሚው ከሐኪሙ ደብቆ ይጾማል።

ይህ ሁሉ ቀዶ ጥገናው ይከልከል ለማለት አይደለም። ጉልበቱ የተሸከመው ክብደት ያሽመደመደው፣ እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ የሚቋረጥበት፣ ስኳሩ በመርፌም አልወርድ ያለ ሰው ይህን ዕድል ማግኘት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም አቀፎቹ የሙያ ማኅበራት መሥፈርቱን አላልተውታል፤ ሰሚግሉታይድን የመሰሉ አዳዲስ የክብደት መቀነሻ መርፌዎችም ለአንዳንዱ ሰው ቢላዋውን ሊያስቀሩለት ይችላሉ። መከልከል ያለበት ቆርጦ መሸኘት ነው።

ለዚህም ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የሚቀድ ሆስፒታል ሁሉ ታካሚውን ሲያሰናብት በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይስጠው፦ ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና እንደተሠራለት፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይሰጠው፣ ሲያስመልሰው ከግሉኮስ በፊት ምን እንደሚቀድም፣ ሌሊት የሚነሳ ስልክ ቁጥር። ገጹ ለታካሚው ብቻ ሳይሆን ለሸዋ ሮቢት ጤና መኮንንም የተጻፈ ይሁን። ጤና ሚኒስቴር ደግሞ የተቀደደውን፣ የቀደደውንና ከዓመት በኋላ የሆነውን የሚመዘግብ መዝገብ ይክፈት፤ ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ እንዲህ ያለ መዝገብ አላት። ዋጋውም የቀዶ ጥገናውን ቀን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ የሁለት ዓመት ክትትልን ይያዝ። የተሰፋው ቢከፈት ዳግም የሚሠራውን ማን እንደሚከፍልም ታካሚው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት በጽሑፍ ይስፈር፤ ይህን ለመጻፍ የሚያመነታ ሆስፒታል ለጊዜው ማስታወቂያውን ያውርድ።