ፎርማት ይደረግ!

ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ ይነሳል? ፎርማት ይደረግ። ሰማያዊ ስክሪን አመጣ? ፎርማት። የመመረቂያ ጽሑፉ ፋይል አልከፈት አለ? ቫይረስ ነው፣ ፎርማት! ከሄርማታ መርካቶ እስከ አጋሮ ይህ መድኃኒት ያልታዘዘለት ኮምፒውተር ያለው እስቲ እጁን ያውጣ።

ታዲያ ዊንዶውሱ በተጫነ በሳምንቱ ሕመሙ ሲመለስ ማን ይጠየቅ? አንዳንዴ የታመመው ራሙ ነው። የተበላሸ ራም የተሰጠውን አዛብቶ ይመልሳል፤ የተዛባውም ሄዶ ሀርድ ዲስክ ላይ ይጻፋል። ፎርማት ሀርድ ዲስኩን ይጠርጋል እንጂ ራሙን አይነካውም። ጥርሱን ያመመው ሰው ፀጉሩን ቢላጭ ምን ይፈይድለታል?

ጠጋኙን ብቻ አንውቀስ። ጥፋቱ የሚጀምረው መመርመሪያውን ሠርተው ከደበቁት ሰዎች ነው። የሊኑክስ ከርነል ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራም መፈተሻ አለው። ከርነሉ ሲገነባ ከተካተተ፣ በቡት ትዕዛዙ ላይ «ሜምቴስት» የሚለውን ቃል ከዙሩ ቁጥር ጋር በላቲን ፊደል መጻፍ ይበቃል። ራሙን በተለያየ የቢት ንድፍ እየሞላ መልሶ ያነባል፤ ብልሽት ካገኘ ያንን ቦታ ያጥረዋል፣ ሲስተሙም አይጠቀምበትም። አዲስ ራም መግዣ ለሌለው ተማሪ ይሄ ስንት ነው? ዲፎልቱ ግን ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ዝግ ማለት ነው። ዊንዶውስም ከቪስታ (2007 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የራሱ መመርመሪያ አለው፤ ከፍታችሁት የምታውቁ ስንት ናችሁ?

«የፈለገ ይክፈተው» ይሉናል። መኖሩን የማያውቀው ሰው እንዴት አድርጎ ይፈልገው? ዲፎልት ገለልተኛ አይደለም፤ ምርጫ እንዳለው ላልተነገረው ሰው በሌለበት የተሰጠ ፍርድ ነው። «ማስነሳቱን ያዘገያል» ደግሞ ይላሉ። በየቀኑ ይሂድ ያለው ማነው?

የምንለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቡት ሜኑ ላይ ማንም የሚገባው አንድ መስመር ይኑር፦ «ራሙን ፈትሽ»። ሁለተኛ፣ ሲስተሙ ደጋግሞ ከወደቀ ራሱ «ልፈትሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ አጭሩና ሙሉው ፍተሻ ይለይ፤ መብራት ሲሄድም የደረሰበትን ያስታውስ። መብራት በሄደ ቁጥር ከዜሮ የሚጀምር የሰዓታት ፍተሻ ጅማ ላይ መቼ ሊያልቅ ነው?

እስከዚያው፣ ጠጋኝ ወንድሞቼ፣ ምክንያት የለንም። የከርነሉ ፍተሻ ፈጣን ማጣሪያ ነው፤ አለፈ ማለት ራሙ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ጠለቅ ላለው ምርመራ ከፍላሽ የሚነሳው ሜምቴስት86+ በነጻ አለ። ማታ ከፍቶ ጠዋት ማየት ነው።

ቡና ናሙናው ሳይወጣ፣ እርጥበቱ ሳይለካ ደረጃ በማይሰጠው አገር፣ የሰው የአራት ዓመት ልፋት የያዘ ኮምፒውተር ሳይመረመር ለምን ይጠረጋል? መጀመሪያ ይፈተሽ። ፎርማቱ የትም አይሄድም።