አዛን የሚያሰማው ስልክ አማናውን ይጠብቅ

መርካቶ ውስጥ ዙህር ሲቃረብ የሚጣራው የአንዋር መስጂድ ሚናራ ብቻ አይደለም። ከጨርቅ ነጋዴው ኪስ፣ ከታክሲ ሹፌሩ ፊት ለፊት ከተሰካው ስልክ፣ ከባለሱቋ መሳቢያ አዛን ተራ በተራ ይሰማል። ማታ ላይ የሶላት አፕሊኬሽኑ መግሪብን 18:20 ብሎ ሲጽፍ ነጋዴው ሳይቸገር 12 ከ20 ብሎ ያነበዋል።

መሣሪያው ለእስልምና ባዕድ አይደለም። የሶላት ወቅት የሚለየው በፀሐይ አካሄድ ነው፤ ቂብላም ሰጋጁ ካለበት ቦታ ተነስቶ ወደ መካ ይሰላል። በደማስቆ የኡመያ መስጂድ ሰዓት ጠባቂ የነበረው ኢብን አል ሻጢር እ.ኤ.አ. በ1371 ለሚናራው የፀሐይ ሰዓት ሠርቶ ነበር። ስልኩ የዚያ ዕውቀት ወራሽ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል።

ቅሬታው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የዜና ምንጭ፣ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደው ሙስሊም ፕሮ የተባለ የሶላት አፕሊኬሽን የተጠቃሚዎቹን መገኛ ኤክስ ሞድ ለተባለ የመረጃ ነጋዴ እንደሚልክ አጋለጠ። ከነጋዴው ደንበኞች መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። ሙስሊም ፕሮ ለጦሩ በቀጥታ አልሸጥኩም ብሎ አስተባበለ፤ ከኤክስ ሞድ ጋር የነበረውን ውልም አፈረሰ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኤክስ ሞድ የአምልኮ ስፍራን የመሳሰሉ ቦታዎችን መረጃ እንዳይሸጥ የከለከለው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

የኒውዮርክ ሙስሊሞች የማዘርቦርድን ዘገባ ሲሰሙ የቆየ ቁስላቸው ተቀሰቀሰ። የከተማዋ ፖሊስ መስጂዶቻቸውንና ሻይ ቤቶቻቸውን በስውር ሲከታተል እንደኖረ አሶሼትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2011 ዘግቦ፣ በዓመቱ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶበታል። ያኔ ሰላይ በእግሩ መግባት ነበረበት። አሁን ሰጋጁ ራሱ ስልኩን ይዞ ይገባል።

«ሶላቴ የአደባባይ ነው፤ ምን የምደብቀው አለ?» የሚል ሙስሊም ጥቂት አይደለም። ንግግሩ ቅን ነው፤ ግን የሀገራችንን የቅርብ ታሪክ ይዘነጋል። በ2004 ዓ.ም. በ«ድምፃችን ይሰማ» የሙስሊሞች ተቃውሞ ጥሪ አርብ አርብ አንዋር መስጂድ የተሰበሰቡትን እናስታውስ። ጥሪው በፌስቡክና በሞባይል መልእክት ተዳርሷል፤ ታስረው ከተከሰሱት መካከል ጥፋተኛ የተባሉት ደግሞ በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል። አርብ ዕለት ማን የት ሰገደ የሚለው ጥያቄ በዚህች ከተማ ዋጋ ያስከፈለ ጥያቄ ነው።

ደግሞስ ይህ ሁሉ መረጃ ለምን ይፈለጋል? ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ እስከ ምዕራባዊው የመግሪብ ልዩነት ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ቂብላም ከየትኛውም ሰፈር ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። የከተማውን ስም መምረጥ ይበቃል። ሰጋጁ የቆመበትን ቤት በሜትር ለይቶ የሚጠይቅ አፕሊኬሽን ለሶላት ከሚያስፈልገው በላይ እየወሰደ ነው።

ሱረቱል ሑጁራት የሰውን ገመና መሰለልን ይከለክላል። ሙአዚን ይጣራል እንጂ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ብሎ መዝግቦ ለገበያ አያወጣም። አዛንን በስልክ የሚያሰማ ኩባንያ የሙአዚኑን ቦታ ከያዘ የሙአዚኑ አማናም አለበት። የግላዊነት ደንቡን ማንም በማያነበው ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ቀብሮ «ፈቅደሃል» ማለት አማና መጠበቅ አይደለም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሃይማኖት መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። ሕጉን የሚያስፈጽመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በቀን አምስት ጊዜ ከሰጋጅ ስልክ የሚወጣ መገኛን የሃይማኖት መረጃ አድርጎ ሊቆጥረው ይገባል። መጅሊሱም የተረጋገጠ የሶላት ሰሌዳ ለየከተማው ያውጣ። ኮድ የሚጽፉ ሙስሊም ወጣቶች ሞልተዋል፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ከተጠቃሚው ደሴ፣ ጅማ፣ ሐረር ወይም ጅግጅጋ ከሚል ምርጫ በቀር ምንም የማይጠይቅ አፕሊኬሽን ለመሥራት አቅሙ አላቸው። እስከዚያው ግን እያንዳንዱ ሰጋጅ የስልኩን ሴቲንግ ከፍቶ ለሶላት አፕሊኬሽኑ የሰጠውን የመገኛ ፈቃድ ይዝጋ፣ ከተማውንም በእጁ ይምረጥ።