ጥፋቱ የወደቀው ሠራተኛ ነውን?

በ1931 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ኢንሹራንስ ባልደረባ የነበረው ሄርበርት ሃይንሪክ ከመቶ 88ቱ የሥራ አደጋ የሚደርሰው ሠራተኛው ባለመጠንቀቁ ነው ሲል ጻፈ። ማስረጃውስ? የኢንሹራንስና የባለፋብሪካዎች መዝገብ! ከሳሹም ምስክሩም አሠሪው፥ ዳኛውም ኢንሹራንሱ ሆነ። ይህን ቁጥር ዛሬም እንደ ዳዊት የሚደግሙ የሕንፃ ሥራ አመራር ምሁራን አሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ ቀበቶ ለሚቆመው የቀን ሠራተኛ መወጣጫውን ማን አቆመለት? ቀበቶውንስ ማን ነፈገው? የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፥ ለመመረቂያ ጥናታችን ሠራተኛውን «ለምን አልተጠነቀቅህም?» ከማለታችን በፊት አሠሪውን «ምን አቀረብህ?» እንበለው። የሟችን ጥፋት ብቻ የሚቆጥር ጥናት ሳይንስ አይደለም፤ የአሠሪ ጥብቅና ነው!