አራት ፊደል፣ ስንት ድምፅ?

ልጅ ወይም የልጅ ልጅ እንግሊዝኛ የምታስጠኑ ሁሉ ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉትን አራት ፊደላት ሳታውቋቸው አትቀሩም። ተከታትለው አንድ ቃል ውስጥ ሲገቡ ተጠኚውም አስጠኚውም ይደናገራል። ሳል «ኮፍ»፣ ሊጥ «ዶ»፣ የዛፍ ቅርንጫፍ «ባው»፣ ጠንካራ ደግሞ «ታፍ» ይባላል። የሁሉም መጨረሻ ግን በእነዚሁ አራት ፊደላት ይጻፋል። ልጁ «ለምን?» ሲል «ዝም ብለህ ሸምድድ» እንለዋለን። ሸምድዶ ሲስት ደግሞ «ሰነፍ» የሚል ስም ይወጣለታል። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው፤ ጥያቄው የሰነፍ አይደለምና።

መልሱ ያለው ጉሮሮ ውስጥ ነው። የጥንት እንግሊዞች፣ ትግርኛ ተናጋሪዎች «ኸ» ሲሉ የምንሰማውን የመሰለ ድምፅ ነበራቸው። ጂ እና ኤች ተጣምረው ይጻፉ የነበረው ለእሱ ነው። ዘመን ሲለወጥ ድምፁ ከአንዳንዱ ቃል ጨርሶ ጠፋ፤ በሌላው ወደ «ፍ» ዞረ። ዊልያም ካክስተን በፈረንጆች 1476 ማተሚያ እንግሊዝ አገር ካስገባ በኋላ ግን አጻጻፉ እየረጋ ሄደ። አንደበት ሲቀየር ፊደሉ ባለበት ቀረ። አየርላንዶች ዛሬም ሐይቅን በእነዚሁ ፊደላት ጽፈው «ሎኽ» ይሉታል፤ የድሮው ድምፅ እዚያ አልሞተም።

እኔስ የምወዳቸው ብዙም የማይሰሙትን የዚህ ቤተሰብ አሮጌ ቃላት ነው። የነፋስ ሽውታ «ሳው» ይባላል፣ «ሳፍ» የሚሉትም አሉ። አንዱ ቃል ደግሞ አጻጻፉ ሳይለወጥ፣ ማጥ ሲሆን «ስላው»፣ እባብ ቀይሮ የጣለው ቆዳ ሲሆን «ስላፍ» ተብሎ ይነበባል። «ቻፍ» የቁራ ዘመድ ናት፤ ጥቁር ሆና መንቁሯና እግሯ ቀይ ነው። ስሟ የእንግሊዝ ይሁን እንጂ እሷ በእኛው ሰሜንና ባሌ ተራሮች ላይ ትበራለች። በቤተሰቡ ውስጥ የውሸት ዘመድም አለ፦ ስቅታ። ቃሉ «ሂካፕ» ነው፣ ቀድሞም የሚጻፈው እንደሚነበበው ነበር። ከሳል ጋር የሚዛመድ የመሰላቸው ሰዎች ናቸው የሳልን ፊደል የለጠፉበት፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ የሚጽፈው አለ።

በእኛም ቤት ያለ ነገር ነው። «ንጉሡ ሠ» እና «እሳቱ ሰ»፣ «ሐመሩ ሐ» እና «ብዙኃኑ ኀ» ጥንት የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው። በአማርኛ ድምፃቸው ሲደባለቅ አባቶች ፊደሉን አልጣሉም፤ በሚገኝበት ቃል ስም አወጡለት። እኔም ለልጅ ልጄ ይህንኑ ዘዴ ወስጄ አራቱን ፊደላት በስም ከፈልኩላት። «የሳሉ» ስላት «ኮፍ»ን ይዛ የከብት ገንዳን «ትሮፍ» ብላ ታነባለች። «የጠንካራው» ውስጥ ቀይ መንቁሯ ወፍ ትገባለች። «የሊጡ» ብዙ አላስቸገራትም።

«የቅርንጫፉ» ላይ ማረሻን፣ «ፕላው»ን፣ ጨምረናል። ይህን ቃል አሜሪካ ያሉት የአክስቷ ልጆች ጂ እና ኤችን ጥለው አሳጥረው ነው የሚጽፉት። ለንደን ያለው አጎቷ ግን ሙሉውን ይጽፋል። ትምህርት ቤቷ የእንግሊዞቹን አጻጻፍ ስለሚከተል ለጊዜው ከአጎቷ ጋር ወግናለች።