ሞክሼ ስሞችና ኮድ አመንጪ ፕሮግራሞች

በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልማዞች ቢኖሩ መምህሩ የአባት ስም ጨምሮ ይጠራል፤ ችግሩም በዚያው ያበቃል። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ ግን ከሞክሼዎቹ አንደኛውን ሰው፣ ሌላውን ማሽን ሲሰይመው ነገሩ እንዲህ አይቀልም።

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ተማሪ በረስት ቋንቋ «ሣጥን» የተባለ ዓይነት ይጽፋል። ሣጥኑ ቁጥርም ሆነ ጽሑፍ እንዲይዝለት ስለሚፈልግ የይዘቱን ዓይነት «ቲ» በሚል ፊደል ይወክለዋል፤ ጄኔሪክ የዓይነት ፓራሜትር የሚባለው ይህ ነው። አሰልቺውን ክፍል ራሱ ከመጻፍ ይልቅም ከበላዩ አንዲት መስመር አክሎ ለኮድ አመንጪ ይተወዋል። አመንጪው ለሚጽፈው ተግባር የራሱ ፓራሜትር ያስፈልገዋል፤ እርሱንም «ቲ» ይለዋል። ኮምፓይለሩ ይህ ስም ሁለት ጊዜ ተሰይሟል ብሎ ይቆማል። ተማሪው የጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን በፋይሉ ውስጥ ቢፈልግ አያገኘውም። ጀማሪ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

ግጭቱ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። ጄኔሪክ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ጃቫ፣ በ2005 ወደ ሲ ሻርፕ ከገባ ወዲህ ፕሮግራመሮች እንደ ቲ፣ ኢ፣ ኬ እና ቪ ባሉ ጥቂት ፊደሎች መሰየምን ልማድ አድርገውታል። ሰውም አመንጪም ከአንድ ጠባብ ሙዳይ ስም ሲያወጡ መጋጨታቸው አይቀሬ ነው።

ረስትና ሲ ፕላስ ፕላስ እንዲህ ያለውን መደራረብ አይቀበሉም፤ ሲ ሻርፕ ያስጠነቅቃል። ጃቫ ግን የውስጠኛው «ቲ» የውጭኛውን ሲሸፍነው ዝም ይላል። በእኛ እምነት እጅግ የሚያሰጋው ይህ ዝምታ ነው፤ የተጠቃሚውን ዓይነት ያመለክታል የተባለው ስም ሌላ ነገር ሊያመለክት ይችላልና።

የተለመደው መፍትሔ ሰው የማይመርጠውን አስቀያሚ ስም መስጠት ነው። የረስት የራሱ የሃሽ አመንጪ ከ«ኤች» በፊት ሁለት የሥር ሰረዝ ይጨምራል። የጃቫ መግለጫም የዶላር ምልክት በማሽን ለተጻፈ ኮድ እንዲተው ይመክራል። ይህ ግን የጨዋዎች ስምምነት እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ሁለት አመንጪዎች አንዱ በሌላው ሥራ ላይ ሲሠሩ ደግሞ ሁለቱም ያንኑ ሁለት ሰረዝ ሊመርጡ ይችላሉ።

የተሻለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ኮልቤከር፣ ፍሪድማን፣ ፌላይዘንና ዱባ እ.ኤ.አ. በ1986 በሊስፕ ቋንቋዎች ዙሪያ ባቀረቡት ሥራ፣ ማክሮ ያስገባው ስም ተጠቃሚው ከጻፈው ስም ጋር ፊደሉ ቢመሳሰልም እንዳይምታታ የሚያደርግ ስልት አሳይተዋል። የረስት ማክሮዎች ይህን ጥንቃቄ ለተግባር ውስጥ ተለዋዋጮች ያደርጋሉ፤ ለዓይነት ስሞች ግን አያደርጉም።

ተጠቃሚው ፊደሉን ይቀይር የሚሉ አሉ። አንስማማም፤ ያላየውን ኮድ እንዴት ሊጠነቀቀው ይችላል? ኃላፊነቱ የአመንጪው ደራሲ ነው። የተጠቃሚውን ስሞች አስቀድሞ ሰብስቦ ከመካከላቸው የሌለ ስም መምረጥ ጥቂት መስመር ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ኮድ አመንጪ ሠርተው ሲያቀርቡ የመጀመሪያው መፈተኛ ፓራሜትሩ «ቲ» የተባለ ሣጥን እንዲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ አመንጪው ራሱ የሚጠቀምበትን ስም የያዘ እንዲሆን መምህራንን እንጠይቃለን።